ጠጅን ከአየር ስለ መጠበቅ

ጠጅ በሆመጠጠ ጊዜ ጠጅ ጣዪቱ ትወቀሳለች፤ ማሩም ይነቀፋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአየር ነው። ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. ስለ ሆምጣጤ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ መጠጥን የሚያሆመጥጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረቶች ናቸው፤ እነርሱም ያለ አየር ሊሠሩ አይችሉም።

ጠጁ በሚፈላበት ጊዜ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይገፋለታል፤ ያን ጊዜ ጋኑን አጥብቆ መድፈን ሊያፈነዳው ይችላል። ፍላቱ ፈጽሞ ሲቆም ግን ይህ ጠባቂ ይቀራልና፥ ጠጁን ከከፍታ ሳያንደቀድቁ ቀስ ብሎ በትናንሽ ዕቃዎች እስከ አንገታቸው ሞልቶ አጥብቆ መክደን ይገባል። በየቀኑ እየተከፈተ የሚጎድል ትልቅ ጋን አየርን ይጋብዛል። እንግዲህ ሠራተኛይቱን ከመውቀስ በፊት ክዳኑን መመርመር የብልህ እመቤት ሥራ ነው።