«ሲቲ ካልተነሳች አይታወቅም» ያልነው እኛ ነን



ባለፈው ክረምት እናቴ ትኩሳትና ሳል በያዛት በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ 84 አለች። ተረኛው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ጀርባዋን አዳምጦ «በቀኝ ታች በኩል የሳንባ ምች ይመስለኛል። ኦክስጅን ላይ ትሁን፣ ራጅ እናንሳት፣ መድኃኒት እንጀምር» አለ።

አላመንነውም። እኔና ወንድሜ «በራጅ ምን ይታወቃል? ሲቲ ስካን ይታዘዝልን እንጂ!» ብለን ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቁ ሲበዛ አለቃው መጣና ወረቀት ጽፎ ሰጠን። ማሽኑ ግቢው ውስጥ የለም፣ ውጭ ነው። ኦክስጅኑን ነቅለው በባጃጅ ላኩን። በባጃጅ! መንገድ ላይ ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። ተመልሰንም መድኃኒቱ «ውጤቱ ይታይ» ተብሎ ቆየ። ከደሞዜ ግማሽ በላይ የከፈልኩበት ውጤት በማግስቱ ከሰዓት መጣ፦ በቀኝ ሳንባ የታችኛው ክፍል የሳንባ ምች። ልጁ በጆሮው የሰማውን እኔ በገንዘቤ አነበብኩት።

«አንተ አስተማሪ ነህ፣ ምን አገባህ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ጨረር የኔ ሰፈር ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ የደረት ሲቲ 6 ገደማ። ስልሳ እጥፍ! ለእናቴ ዕድሜ ጨረሩ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል፤ ለሕፃን ግን ያሳስባል። እናቴን የጎዳት ጨረሩ ሳይሆን መንገዱና የባከነው ሰዓት ነው።

ራጅ ይስታል የሚለው ክርክር እውነት አለው። ምቹ ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ሲቲ አጥርቶ ያያል። ታዲያ ሲቲ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ራጁ ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ሲበረታ፣ በሽተኛው መድኃኒት እየወሰደ ሲብስበት፣ የረጋ ደም ወይም እጢ ሲጠረጠር፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ሲሆን። ያኔ ይነሳ፣ እኔም ቤቴን ሸጬ አስነሳለሁ። እናቴ ግን ከነዚህ አንዱም አልነበረባትም። በመጀመሪያው ሰዓት ሕክምናዋን የሚቀይር ነገር ከዚያ ማሽን አልመጣም።

ደግሞ አንድ ሁላችንም የናቅናት ዕቃ አለች፤ ነፍሰ ጡሮች የሚታዩባት አልትራሳውንድ። እሷ ድምፅ እንጂ ጨረር የላትም፣ ወደ አልጋው ትመጣለች እንጂ በሽተኛውን አታንከራትትም። በሠለጠነ እጅ የሳንባ ምችን ከራጅ በተሻለ የምትይዝበት ጊዜ አለ። አየር ድምፁን ስለሚመልሰው ከሳንባው ጠርዝ ርቆ የተደበቀውን አታይም፤ ይሄም ይታወቅ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ድንገት ትንፋሽ አጥሮት የመጣ አዋቂ ምክንያቱ ካልለየለት ከተለመደው ምርመራ ጋር አልጋው ዘንድ አልትራሳውንድ ቢጨመር ብሏል። እኛ ጋ መሣሪያዋ አንዳንድ ቦታ አለች፤ የወሊድ ክፍል ተቆልፎባት ታድራለች።

ለልጆችማ ጉዳዩ ከዚህም ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳልና የትንፋሽ ችግር ላለበት ሕፃን ያስቀመጠው መጀመሪያ ትንፋሹን ቁጠሩ የሚል ነው፤ ከ2 እስከ 11 ወር ላለው በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላልሞላው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የገጠሯ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሰዓት ቆጥራ ታክማለች። እኛ የከተማ «አዋቂዎች» ደግሞ ፎቶ ካላየን አናምንም።

ጥፋቱን ሐኪሞች ላይ ብቻ አልጥልም፤ እኔ ጮኼ ነው ያስታዘዝኩት። ግን ኦክስጅን ላይ ያለችን አሮጊት ነቅሎ ባጃጅ ላይ መጫን የዘመድ ጩኸት ሰበብ አይሆነውም። «አይሆንም፣ መጀመሪያ ትረጋጋ» የሚል አንድ ሰው መኖር ነበረበት። ያ ልጅ እግር ሐኪም ሊል ሞክሮ ነበር፤ አለቃውም እኛም አፉን አስያዝነው።

ድንገተኛ ክፍልና ራጅ ክፍል የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፤ ድሮ እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አርማችሁ የለ። ግን ይሄን መልሱልኝ፦ ወረቀቱን ከመጻፋችሁ በፊት «ውጤቱ ቢመጣ ምን እቀይራለሁ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? በሽተኛውስ በምን ይሄዳል፣ ኦክስጅኑን ማን ይይዝለታል?