«ልኩን አልጠበቀም» ያለው ማነው?

የጥንት ሥዕል በተሰቀለበት ሁሉ የማይቀር አንድ ዳኛ አለ። ሥዕሉ ፊት ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ «አሪፍ ነው፤ ግን ልኩን አልጠበቀም» ይላል። ዓይኑ ፈጧል፣ ጣቱ ረዝሟል፣ ጭንቅላቱ ገዝፏል። አጠገቡ ያለነውም እንደ አዋቂ ራሳችንን እንነቀንቃለን። አንድ ጊዜ የሸመደድናት ሕግ አለችና፦ የሰው ቁመት የጭንቅላቱ 7 ተኩል እጥፍ ነው። ከዚያ ያፈነገጠ ሠዓሊ «አልተማረም»።

እኛ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ብለናል።

ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ግድግዳው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በትልቁ ተሥላለች፤ እቴጌዪቱ ደግሞ አንሰው ከእግሯ ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። እስቲ አስቡት፤ አገር የሚያዝዙ፣ ወጪውን የቻሉ ሴት ናቸው። እሳቸውን ማሳነስ የእጅ ስህተት ቢሆን ኖሮ ሠዓሊው ምን ይውጠው ነበር? መጠኑ የታሰበበት ነው። እሳቸውም የፈለጉት ያንኑ ነው።

ካሜራ ባስለመደን ዓይን ትንሽ ማለት ሩቅ ማለት ነው። በዚያኛው ሥዕል ግን ትንሽ ማለት ታናሽ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ትልቅ ሰው መጣ» ሲባል ሜትር ይዘን አንወጣም እኮ! የዓድዋን ሥዕሎች አስታውሱ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከወታደሩ ገዝፈው ይታያሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሁሉም በላይ ሰማዩ ላይ ነው። የእኛ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ጣሊያኑ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የ1888ቱ ጦርነት በሜትር ቢለካ እንዲህ አልነበረም፤ ሠዓሊው ግን የሚነግረን ማን ምን እንደነበረ ነው። (ሁሉም የድሮ ሠዓሊ ጎበዝ ነበር አላልንም። እጁ የከበደም ሞልቷል። ግን ሰነፉን የምንለየው በራሱ ሕግ ሲለካ ነው።)

ሌላም ልክ አለ፤ ሥዕሉ ራሱ ከእኛ ቁመት ጋር ያለው። ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቷል። ስልክ ላይ አቅርባችሁ ካያችሁት «ዓይን በዛ» ትላላችሁ። ወለሉ ላይ ቆማችሁ አንጋጡ፤ ያን ጊዜ ዓይኖቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ይገባችኋል። የተሣሉት ከታች ሆኖ ለሚያይ፣ ያውም ሲታይ ለሚሰማው ሰው ነው።

የአፈወርቅ ተክሌም የመስታወት ሥራ እንዲሁ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ይህ ሥራ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሥሩ የቆመ ሰው የሚያንስበት፣ ብርሃኑ ልብሱ ላይ የሚያርፍበት ነገር ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በአራት ጣት ስፋት ነው። ፖስትካርድ ላይም፣ መጽሐፍ ላይም፣ ስልክ ላይም አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ሥዕልና አንድ ሙሉ ግድግዳ እኩል ሆነው ይወጣሉ። ከሥራቸው ስምና ዘመን ይጻፋል፤ ቁመትና ስፋት የለም።

የምር ልኩን ያልጠበቀ ሥዕል ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በበዓል ሰሞን መንገዱን የሚሞሉትን ባነሮች ማየት ነው። ከኢንተርኔት የወረደች ሚጢጢ ምስል ጨርቁን እንድትሞላ በጎን ትለጠጣለች፤ ቅዱሱ ጉንጩ ያብጣል፣ ፈረሱ እንደ ወንበር ዝቅ ይላል። ይህን ያሰበበት ሠዓሊ የለም፤ ማዕዘኗን ይዞ የጎተተ እጅ እንጂ። የሚገርመው ያ ዳኛችን እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል!

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሥዕል የምታትሙ፣ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ገጻችሁ ላይ የምትለጥፉ፦ ከሥሩ ሴንቲ ሜትሩን ጻፉልን። ባነር ቤቶችም ምስሉን ስታሳድጉ ቁመቱንና ስፋቱን እኩል አሳድጉ፤ ጨርቁ ከተረፈ ይተርፋል።