ስለ እንግሊዝኛ ቅጽልና ተውሳከ ግሥ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዓት መጻፍ ልማዳችን ሲሆን፥ ዛሬ ወደ ሰዋስው መሄዳችን ምናልባት አንባቢዎቻችንን ያስገርማቸው ይሆናል። ነገር ግን ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርቱን ሁሉ የሚቀበሉት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነውና፥ ማታ ደብተራቸውን ይዘው ወደ አባትና ወደ እናት የሚያቀርቡት ጥያቄ የቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል። ከሚያስቸግሩአቸውም ነገሮች አንዱ፥ በቅጽልና በተውሳከ ግሥ መካከል ለይቶ መምረጥ ነው።

ቅጽል ማለት በስም ላይ ተቀጽሎ የስሙን ዓይነት የሚናገር ቃል ነው። ተውሳከ ግሥ ደግሞ፥ ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው፥ በግሥ ላይ ተጨምሮ ሥራው እንዴትና መቼ፥ የትና ምን ያህል እንደ ተሠራ ይገልጻል። ፈጣን ፈረስ ስንል ፈጣንነቱ የፈረሱ ነው፤ ፈረሱ በፍጥነት ሮጠ ስንል ፍጥነቱ የሩጫው ነው። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት ሰው የለም። ጭንቁ የሚመጣው አማርኛችን በብዙ ስፍራ አንዱን ቃል ለሁለቱም ሥራ ስለሚያውለው ነው። ደኅና ሰው ነው እንላለን፤ ደኅና ተናገረም እንላለን፤ ቃሉ አልተለወጠም። እንግሊዞች ግን ለፊተኛው ጉድ፥ ለኋለኛው ዌል ይላሉ። (ጉድ የሚለው ቃል በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ነገር ቢመስል አንባቢ ይታገሠን።) ስለዚህ ልጁ «ሺ ሲንግስ ጉድ» ብሎ ቢጽፍ፥ አባቱ ስንፍና ነው ብሎ አይቆጣው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያመጣበት ነውና «ሺ ሲንግስ ዌል» ማለት እንደሚገባው ያስረዳው። ዌል ራሱ ጤናን ሲያመለክት ቅጽል ይሆናል፤ «አይ አም ዌል» ማለት ደኅና ነኝ ማለት ነውና።

አማርኛም ቢሆን ፈጽሞ መለያ የለውም አይባልም። ክፉ ሰው ካልን በኋላ ክፉኛ ታመመ ስንል፥ ያች ኛ የምትሠራው እንግሊዞች በቃል መድረሻ ላይ የሚጨምሩአት ሊ የምትሠራውን ሥራ ነው፤ ባድ ክፉ፥ ባድሊ ክፉኛ ይሆናል። ምን ያደርጋል፥ ኛ በዚህ አገልግሎት የምትገኝባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን ነገሩን ከሁሉ ፈጥኖ ያስተውለዋል። በግዕዝ ፍጡን ማለት ፈጣን ማለት ሲሆን፥ ሳድስ የነበረችውን የመጨረሻ ፊደል ወደ ግዕዝ ብንለውጣት ፍጡነ ይሆናል፤ ትርጓሜውም በፍጥነት ነው። እንዲሁም ሠናይ መልካም፥ ሠናየ በመልካም። አንዲት ፊደል ድምፅዋን ብትለውጥ ቃሉ ከስም አገልጋይነት ወደ ግሥ አገልጋይነት ይዛወራል። የሚያስደንቀውም ነገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1100 ዓ.ም. ገደማ ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይህንኑ የሚመስል ሥርዓት ነበረው፤ በቅጽሉ መጨረሻ አንዲት አናባቢ ድምፅ ስትጨመርበት ተውሳከ ግሥ ይሆን ነበር። ሊ የምትባለውም መድረሻ የመጣችው ሊች ከሚባል ቃል ነው፤ ይኸውም አካል ወይም መልክ ማለት ነበረ፤ ስለዚህ ፍሬንድሊ ሲሉ የወዳጅ መልክ ያለው ማለታቸው ነው። በዘመን ብዛት ያች የመጨረሻ ድምፅ ከአነጋገር ጠፋች። ግዕዝ በጽሑፍ ጠብቆ ያቆየውን እንግሊዝኛ ስለ ጣለ፥ ለተማሪው ሁለት ጣጣ ተረፈው።

አንደኛው፥ እንደ ሃርድ ያሉ ቃላት ያችን ድምፅ ባጡ ጊዜ ቅጽሉና ተውሳከ ግሡ አንድ ሆነው መቅረታቸው ነው። ፋስትም እንዲሁ ለሁለቱም ያገለግላል። «ኤ ፋስት ሆርስ» ፈጣን ፈረስ ነው፤ «ዘ ሆርስ ራንስ ፋስት» ደግሞ ፈረሱ በፍጥነት ይሮጣል። ፋስትሊ ብሎ መጻፍ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፥ እንዲህ ያለ ቃል በእንግሊዝኛ አይሠራበትም። ሁለተኛውም፥ ሊ ያለበት ቃል ሁሉ ተውሳከ ግሥ አለመሆኑ ነው። ፍሬንድሊ፥ ሎንሊ፥ ኮስትሊ የሚባሉት ቅጽሎች ናቸው። ይህን የመሰለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ዊክሊ ይሉታል፤ በየሳምንቱ ይወጣል ለማለትም ያንኑ ዊክሊ ይላሉ። እንግዲህ መድረሻውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልምና፥ ልጁ ቃሉን በጻፈ ቁጥር ይህ ቃል የማን አገልጋይ ነው፥ የስሙ ነው ወይስ የግሡ ብሎ ራሱን መጠየቅ ይልመድ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ሃርድሊ ነው። ሃርድ ከግሥ ጋራ ሲሄድ በትጋት ማለት ነው፤ ሃርድሊ ግን ከጥንት ትርጓሜው ርቆ፥ የለም ለማለት ጥቂት የቀረው ቃል ሆኗል። አንድ ሹም ለወጣት ሠራተኛው የምስክር ደብዳቤ ሲጽፍ «ሂ ወርክስ ሃርድ» ቢል፥ ተግቶ ይሠራል ማለቱ ነው። ሊ ስትጨመር ነገሩ የሚያምር መስሎት «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ቢል ግን፥ ሥራ የሚባል ነገር አይነካም ብሎ መሰከረበት። ወጣቱም የታሸገውን ደብዳቤ በደስታ ተቀብሎ፥ ባሕር ተሻግሮ ለሚማርበት ቤት ይሰጠዋል፤ ስለ ምን እንዳልተቀበሉት የሚነግረው ሰው ግን አያገኝም። ሌት ዘግይቶ፥ ሌትሊ በቅርቡ፤ ኒር በአጠገብ፥ ኒርሊ ለጥቂት መሆናቸውንም እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

ደግሞ ሁለት ፊት ያላቸው ግሦች አሉ፤ ሉክ፥ ቴስት፥ ስሜል፥ ፊል የሚባሉትን የመሰሉ። ከወጥ ቤት ምሳሌ ብንወስድ፥ «ዘ ኩክ ቴስትድ ዘ ስቱ ኬርፉሊ» ማለት ወጥ ቤቷ ወጡን በጥንቃቄ ቀመሰችው ማለት ነው፤ መቅመስ ሥራ ነውና ተውሳከ ግሥ ይፈልጋል። «ዘ ስቱ ቴስትስ ጉድ» ሲባል ግን ወጡ አንዳች የሠራው ሥራ የለም፤ ጣዕሙ መልካም ነው መባሉ ነው፤ ስለዚህ ቅጽሉ ለወጡ ይሰጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በግሡ ስፍራ ነው የሚለውን ኢዝን አግብተን ነገሩ የማይፈርስ ከሆነ፥ የሚፈለገው ቅጽል ነው።

ይህ ልዩነት በወጥ ቤት ሳቅ ቢያስነሣ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም፤ በችሎት ግን እንደዚያ አይደለም። የውጭ አገር ሰው ለምስክርነት ቀርቦ «ሂ ሉክድ አንግሪ» ቢል፥ የተቆጣ ይመስል ነበር ማለቱ ነው፤ ይህም ምስክሩ ፊት አይቶ የገመተው ግምት ነው። «ሂ ሉክድ አንግሪሊ አት ዘ ማን» ቢል ግን፥ ሰውየውን በቁጣ ተመለከተው ማለቱ ነው፤ ይህ በሌላ ሰው ላይ የተደረገ ሥራ ነው። አስተርጓሚው ሁለቱንም ተቆጥቶ ነበር ብሎ ቢያልፋቸው፥ ጸሐፊውም የሰማውን እንዲሁ በመዝገብ ያሰፍራል፤ ዳኛውም ዛቻ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ ሲመረምር የሚይዘው ቃል ያጣል። በኋላ ጉዳዩ በይግባኝ ቢሄድ የሚነበበው መዝገቡ ነውና፥ ግምቱ እንደ ሥራ፥ ሥራውም እንደ ግምት ተቈጥሮ ይቀራል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አስተርጓሚ የሚሆን ሰው ብዙ ቃላት ከማጥናቱ አስቀድሞ በዚህች ነገር ቢፈተን መልካም ነበር።

ተውሳከ ግሥ ለግሥ ብቻ የተመደበ አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። እጅግ መልካም ስንል እጅግ የሚያገለግለው መልካም የሚለውን ቅጽል እንደ ሆነ፥ እንግሊዞችም ሪሊ ጉድ ይላሉ። ሪል ጉድ የሚለው አነጋገር በተለይ በአሜሪካ በጨዋታ ይሰማል፤ በደብዳቤ ግን አይገባም።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ሕግ እንደ ዛሬው ያጠበቁት ብዙ ዘመን አልሆነም። ሼክስፒር ሳይቀር ቅጽሉን በተውሳከ ግሥ ስፍራ ያገባው ነበር። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ በ1762 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ይህን ልማድ ነቀፈ፤ በ1795 የወጣው የሊንድሊ መሪ ሰዋስውም በብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተሠራበት ሕጉ ጸና። ሆኖም አንዳንዱ የቀድሞ አነጋገር እስከ ዛሬ ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በመንገድ ላይ በነጭ ቀለም ስሎው ተብሎ ተጽፎ ይታያል፤ ለነጂው ቀስ በል ማለት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር እንግዳ በገበታ ላይ ተቀምጦ «ድራይቭ ስሎው» ቢልና ልጁ ሊያርመው ቢነሣ፥ አባቱ በዓይኑ ይጥቀሰው፤ እንግዳው አልተሳሳተምና። ለፈተና ወረቀትና ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን ስሎውሊ ይጻፍ።