ፋብሪካም ይሳሳታል

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ጠመንጃ ዒላማ ሲስት የሚወቀሰው ተኳሹ ነው። «እጁ ተንቀጠቀጠ» ይባላል። ፋብሪካውንስ ማን ጠረጠረ? እኛ ግን እንጠርጥር እንላለን።

እስቲ የድሮውን የቤልጅግ ማውዘር እንመልከት። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ፊቱ ላይ ሁለት ጥርሶች አሉት፤ ሁለቱም እኩል መንከስ አለባቸው። ብረቱ በማሽን ሲቆረጥ ትንሽ ከተንጋደደ ግን አንዱ ጥርስ ብቻ ሸክሙን ይሸከማል፤ ምቱም ይበታተናል። ምርመራው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ጥርሶቹን ቀለም መቀባት፣ ከዚያ ደጋግሞ መዝጋትና መክፈት። ቀለሙ ከአንዱ ብቻ ከተፋቀ ጥፋቱ የተኳሹ እንዳልሆነ ታወቀ።

ማቃናቱ ግን የቶርኖ ሥራ እንጂ የሞረድ አይደለም። ብረት በተላገ ቁጥር ከቀለሃው ኋላ ያለው ክፍተት ይሰፋል። ዳግም ካልተለካ ቀለሃው ተቀዶ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ እጅ የት አለ? ወለጋችን ብረት ቀጥቃጩን «ቱምቱ» እያለ ሲያርቀው ኖሯል። የናቅነው ሙያ ጓሮ ገባ፤ መለኪያም አላገኘ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አስሯል። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ግን መለኪያ የያዘ ጠጋኝም ይፈልጋል።

ባለሙያውን አክብረን፣ አስተምረን፣ በሕግ ፊት ወደ አደባባይ እናውጣው። አለዚያ ጥፋቱን በተኳሹ እያላከክን ጉዳቱን በዓይናችን እንቀበላለን።