መምህር መርፌ ሲይዝ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ የኮሌጅ ጓደኛዬ በመንገድ አግኝቶኝ «ከወዴት ትመጣለህ?» ቢለኝ፥ «ከስፌት ትምህርት» ብዬ መለስኩለት። ጓደኛዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ክራቫቱን አስተካክሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሒሳቡ አላዋጣ አለህና ወደ መርፌ ገባህ?» አለኝ። እኔም የለበሰውን ኮት የሰፋለት ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። በመርካቶ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲረግጥ የሚውለው ልብስ ሰፊ ባለ ጢም ወንድ መሆኑን፥ ሸማውንም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ወንድ መሆኑን ባስታውሰው፥ ሳቁን ቀነሰ እንጂ አላቆመም። ስለዚህ ለእርሱም ሆነ እንደ እርሱ ለሚስቁት ሁሉ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ልጻፍ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ጂኦሜትሪ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ «የእጅ ሥራ ክበቡን ማን ይምራው?» የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፥ አንጋፋዎቹ መምህራን ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። በዕድሜ የማንሰው እኔ ነበርኩና ዕጣ ሳይጣል ዕጣው ለእኔ ወጣ። ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያስተምራል? ይህ ጉድለቴ ቢያሳፍረኝ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ የእጅ ሥራ ወደሚያስተምሩ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄጄ ተመዘገብኩ። እኚህ ሴትዮ ብዙ ዘመን በአሜሪካ ኖረው የተመለሱ ናቸው፤ የሚያስተምሩትም አሜሪካኖች ኲልት የሚሉትን የልብስ ዓይነት ነው።

ኲልት ሦስት ንጣፍ ያለው የብርድ ልብስ ነው። የላይኛው ገጽ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ ይሰፋል፤ መካከሉ ባዘቶ ጥጥ ነው፤ የታችኛው አቡጀዲ ወይም ሌላ አንድ ወጥ ጨርቅ ይሆናል። ከዚያም ጥጡ ወዲያና ወዲህ እንዳይሸሽ ሦስቱ ባንድነት በደቃቅ የእጅ ስፌት ይጠቀማሉ። ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው።

በክፍሉ ውስጥ ስምንት ሴቶችና አንድ እኔ ነበርን። በመጀመሪያው ቀን ክር እንዳያልቅብኝ ብዬ ሁለት ሜትር ያህል ቆርጬ ብጀምር፥ ተጠላልፎና ተቋጥሮ ሰዓቱን ሁሉ በላው። ለካ ክር ከአንድ ክንድ አይበልጥም! በሁለተኛው ሳምንት ዐሥር ቁራጭ በረድፍ ሰፍቼ ደስ ብሎኝ ከጎረቤቴ ረድፍ ጋር ባስተያየው፥ የእኔው አጠረ። ሴትዮዋ ረድፉን አገላብጠው አይተው «ተርትረው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። በስፌቱ ጠርዝ የሚተወው ሩብ ኢንች ይኸውም ስድስት ሚሊ ሜትር ግድም ነው። እኔ ግን በየመጋጠሚያው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አብልጬ ወስጄ ኖሮ፥ በዘጠኙ መጋጠሚያ 18 ሚሊ ሜትር ጎደለ። ለተማሪዎቼ «ትንሽ ስሕተት ስትደጋገም ታላቅ ትሆናለች» እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፥ ስብከቴ በራሴ ጨርቅ ላይ ደረሰ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱን አጫጭር ጎኖች በጨርቁ ድርና ማግ ልክ ብትቆርጣቸው፥ ረዥሙ ጎን በሰያፍ መሄዱ የግድ ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ሲነኩት ይለጠጣል። በሰሌዳ ላይ የፒታጎራስ ረዥም ጎን ጸጥ ብሎ ይታዘዘኛል፤ በጨርቅ ላይ ግን በእጄ ውስጥ አድጎ ተጣመመ። አጠገቤ የምትቀመጠው፥ ሁልጊዜ ቀድማ የምትጨርሰው ወይዘሮ «የሒሳብ መምህር ነኝ አላሉም?» ብትለኝ፥ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ስለ ሦስት ማዕዘኑ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አሳይተውኝ አልገባኝም። ሦስተኛ እንዲያሳዩኝ ለመጠየቅ ግን አፍ አጣሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ወር በክፍሌ አንድ ልጅ ተነሥቶ «አልገባኝም» ቢለኝ፥ «ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ጆሮህን የት ጥለኸው መጣህ?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ቀልዴ በመሥመሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ እጁን አላነሣም።

ሴትዮዋ ግን ጭንቀቴን ዓይተው ወደ እኔ መጡና «ልጄ፥ ሁለቱንም ጊዜ ያሳየሁህ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነው፤ ስለዚህ እጄን የምታየው ተገልብጦ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ና፥ ከጎኔ ተቀመጥ» አሉኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ በእርሳቸው ትከሻ በኩል ባየው ጊዜ፥ ያ ሁሉ ምሥጢር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሰኞ ዕለት ልጁን በዕረፍት ጊዜ ጠርቼ፥ ከሰሌዳው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ትምህርቱን ባንድነት ጀመርነው። በመጀመሪያ አላመነኝም፤ አልፈርድበትም።

እንግዲህ ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅምና፥ ከሁለት ወር በኋላ እኔም በተራዬ ክበቡን ከፈትኩ። ሃያ ሁለት ተማሪዎች ተመዘገቡ። «በሚመጣው ሳምንት ሁላችሁም ከቤታችሁ አሮጌ ልብስ ይዛችሁ ኑ» ብዬ አዘዝኩ። ይዘው መጡ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን በአንደኛውም፥ በሁለተኛውም፥ በሦስተኛውም ሳምንት ባዶ እጅዋን መጣች። በሦስተኛው «አንቺ ለመማር ነው ወይስ ለመመልከት ነው የምትመጪው?» አልኳት በሰው ፊት። ከክፍል ስንወጣ ቀረብ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ «ጋሼ፥ በቤታችን አሮጌ ልብስ የለም። ያለውን ሁሉ ለብሰነዋል» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። እኔ ራሴ የታላቅ ወንድሜን ሱሪ ለብሼ፥ ከእኔም ወደ ታናሼ ወርዶ ያደግሁ ሰው ስሆን፥ ሦስት ዓመት ደመወዝ መብላት ብቻ ይህን አስረሳኝ። በማግስቱ ከሥራ በኋላ ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ሄጄ ብለምናቸው፥ ከመኪናቸው ሥር ጠርገው የሚጥሉትን ቁርጥራጭ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ የሁሉም ጨርቅ ከአንድ ከረጢት እንዲወጣ አደረግሁ።

ሥራው ሲጀመር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አንድ ቀልደኛ ልጅ ቁርጥራጮቹን አይቶ «ታዲያ ይህ ድሪቶ አይደለም እንዴ?» ቢል፥ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ነው፤ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረቱ ለብርድ የሚለብሱትን አባቶቻችን ድሪቶ ብለውታል፤ ስሙም ከድህነት ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም ከሴትዮዋ ሰምቼ በመጻሕፍት ያረጋገጥኩትን ታሪክ ነገርኳቸው።

በአሜሪካ አገር በአላባማ፥ ወንዝ በሦስት ወገን የሚከባት ጊዝ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። ብዙዎቹ ነዋሪዎቿ በዚያው በጥጥ እርሻ በባርነት የተገዙ ሰዎች ዘሮች ናቸው። እናቶቻቸው ከእርሻ ውለው ሲመለሱ፥ ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ያለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ ኲልት ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል የዚያች መንደር ሴት በ1942 ባሏ ቢሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቀዳ የብርድ ልብስ አደረገቻቸው፤ ያም ልብስ ዛሬ በዋሽንግተን በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። በ2002 የመንደሪቱ ኲልቶች በሂዩስተን ከዚያም በኒው ዮርክ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታዩ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ዐሥሩን በቴምብር አተማቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ፤ ትምህርቴ የሠመረ መሰለኝ። ያች ልጅ ግን እጅዋን አንሥታ «ጋሼ፥ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እዚህ ግን የለበሰው ሰው ይሳቅበታል» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። «እውነትሽን ነው» ብዬ ወደ ሥራችን ተመለስን።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሦስት ማዕዘኑ ደረስንና፥ እኔው የፈራሁት ነገር መጣ፤ ሃያ አንዱም ጨርቅ ተለጠጠ። የእርሷ ብቻ ቀጥ ብሎ ተገኘ። «እንዴት አደረግሽው?» ብላት፥ ሁለቱን ጫፎችና መካከሉን አስቀድማ በስፒል ሰክታ፥ ትርፉን በየመሐሉ እያከፋፈለች እንደ ሰፋችው አሳየችኝ። «አያቴ ድሪቶ ስትደርት እንዲህ ነው የምታደርገው» አለች፤ ድሪቶ የሚለውንም ቃል ድምፅዋን ሳትቀንስ ተናገረችው። እኔም ወንበሬን አንሥቼ ከጎንዋ ተቀመጥኩና እንደገና እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀልደኛው ልጅ ሳይቀር በዙሪያዋ ተሰብስቦ ነበር።

የክበባችን ኲልት ባለፈው ወር አለቀ። ወርዱ ዐሥራ አምስት፥ ርዝመቱ ሃያ፥ በድምሩ 300 ቁራጭ ነው። በሰባተኛው ረድፍ አንድ መጋጠሚያ ጠማማ ሆኖ ቀርቷል፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ አይተው ባንድ ቃል «ተርትረው!» ቢሉኝ፥ ጊዜ የለም ብዬ ለምኜ ተረፍኩ። ልብሱ አሁን በትምህርት ቤታችን የሕሙማን ክፍል አልጋ ላይ ነው። በዝናብ ተደብድቦ፥ ወይም ወባ ተነሥቶበት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይለብሰዋል።

እናንተ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ወጣቶች፥ ምክር አታጡምና ምክር አልጨምርባችሁም። ነገር ግን ማስታወሻ ይዛችሁ ለሌላ ሰው ነገር የምታስረዱበት፥ በመስኮት በኩል ባለ ጉዳይ የምታስተናግዱበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያፍር እንዳትረሱ፥ በሳምንት አንድ ሰዓት እናንተ ጭራ የምትሆኑበት ትምህርት ፈልጉ። ስፌት ካልሆነላችሁ መዋኘትም ይሁን ክራርም ይሁን። እኔ ከሦስት ዓመት ማስተማር ያላገኘሁትን ከሁለት ወር መተርተር አገኘሁት።

በቋንቋችን የተቀደደውን ልብስ የሰፋ ሰው «ጠቀመ» ይባላል፤ ለሰው ጥቅም ያደረገም «ጠቀመ» ይባላል። ለዚያ ለሚስቀው ጓደኛዬ ይህን ብነግረው፥ ጥቂት አሰበና የኮቱን ክንድ ዘርግቶ «እንግዲያውስ ይህን ቁልፍ ጥቀምልኝ» አለኝ። ቁልፉ እስካሁን አልወደቀም።