የስክሪን ጌጥና የፊደላችን ቅጥያ

የሶፍትዌርን ትክክለኛነት ከምናረጋግጥባቸው ዘዴዎች አንዱ አውቶማቲክ ፍተሻ ነው። ፈታሹ ፕሮግራም የስክሪኑን ምስል ያነሣና አስቀድሞ ትክክል ከተባለው ምስል ጋር ፒክስል በፒክስል ያስተያያል፤ ልዩነት ካገኘ «ስሕተት አለ» ይላል።

ችግሩ የሚጀምረው ስክሪኑ ሲያጌጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብቅ ያለው ኮምፒዝ በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ሲጎተቱ እንደ ጨርቅ አወዛወዘ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የመስኮቶችን ጠርዝ እንደ መስታወት አሳላፊ አደረገ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ አንዳንድ መስኮቶችን ከዴስክቶፑ የጀርባ ሥዕል በተዋሰው ቀለም ያቀልማል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ አንድ መስመር ሳይነካ፣ የጀርባ ሥዕሉ ስለተለወጠ ወይም ምስሉ መስኮቱ ተከፍቶ ሳያበቃ ስለተነሣ ብቻ ፍተሻው ሊወድቅ ይችላል።

ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ ፈታሹን «ጥቂት ልዩነት ብታገኝ እለፈው» ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህ በተለይ ለእኛ አደገኛ ነው። እናስላው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። አንድ በመቶ ልዩነት ይታለፍ ከተባለ 20,736 ፒክስሎች ይታለፋሉ። 16 በ16 በሆነ ሳጥን ውስጥ የሚያርፍ ፊደል ከ256 ፒክስል አይበልጥም። እንግዲህ 81 ፊደሎች ቢበላሹ እንኳ ፈታሹ «ደኅና ነው» ይላል ማለት ነው።

በግእዝ ፊደል ደግሞ ትርጉም ለመለወጥ 81 ፊደል ቀርቶ አንዲት ቅጥያ ትበቃለች። «ይከፈል» እና «ይክፈል» የሚለያዩት በ«ከ» እና በ«ክ» ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ለደንበኛው ገንዘብ እንዲሰጠው፣ ሁለተኛው ደንበኛው ራሱ እንዲሰጥ ሊያዝ ይችላል። እንደ አዳማ፣ ሞጆና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች አንድ ፕሮግራም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሥራት ሊኖርበት ይችላል። በቁቤ ረጅም አናባቢ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ ቃሉ ራሱ ይረዝማል፤ ልዩነቱም ጎላ ይላል። በግእዝ ግን ልዩነቱ በፊደሉ አካል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለቁቤው ገጽ የበቃ ፍተሻ ለአማርኛው ይበቃል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ መቀነስ ያለበት ጌጡ እንጂ የፈታሹ ጥንቃቄ አይደለም። በመፈተሻው ኮምፒውተር ላይ አሳላፊነቱ፣ ጥላውና እንቅስቃሴው ይዘጋ፤ የጀርባ ሥዕሉ አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፤ የፊደሉ ዓይነትና የማለስለሻው ቅንብር አይለዋወጥ፤ ምስሉም ከፕሮግራሙ መስኮት ውስጠኛ ክፍል ብቻ ይነሣ። ጽሑፉን ከምስል ከመገመት ይልቅ ከፕሮግራሙ በቀጥታ አንብቦ ማመሳከር ይመረጣል።

«ተጠቃሚው የሚያየው ያጌጠውን ስክሪን አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ፕሮግራሙ ከመሰራጨቱ በፊት ጌጡ ተከፍቶ ሰው በዓይኑ ይመልከተው፤ ሁለቱን ሥራ ለአንድ ፈታሽ መስጠት ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች ተቋማት የመመረቂያ ፕሮግራም የምትሠሩ ተማሪዎች አንድ ነገር ሞክሩ። ከፕሮግራማችሁ ጽሑፍ ውስጥ አንዷን «ከ» ሆን ብላችሁ «ክ» አድርጉና ፍተሻችሁን አስኪዱ። ዝም ብሎ ካለፈ ፍተሻ አለን አትበሉ።