«ከሒሳብ ጋር ተጣልቼ ነው»

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። «እኔ እንኳ ከሒሳብ ጋር ተጣልቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት» ይላል አንዱ፤ ቤቱም ይስቃል። ሌላው ይቀበልና «እኔማ ከመደመርና ከመቀነስ አልፌ አላውቅም» ይላል፤ ሳቁ ይደገማል። በዚያው ጉባኤ አንድ መሐንዲስ ተነሥቶ «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም፤ መጽሐፍ ሳይ ያልበኛል» ቢል ግን የሚስቅ አይኖርም፤ እናዝንለታለን። ሁለቱም የነገሩን አንድ ነገር ነው፦ አንድ ትልቅ በር እንደ ተዘጋባቸው። ታዲያ የአንዱን ጉድለት፣ የሌላውን ጌጥ ያደረገው ምንድን ነው? የእኛው ሠፈር ልማድ ነው እላለሁ፤ ልማዱም ከሳቅ ያለፈ ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋውን የሚከፍለው ኮሌጅ የገባው ወጣት ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከተመለሰ ወዲህ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪውም የሒሳብ ኮርስ ይወስዳል። «ተገላገልሁት» ያለውን ጠላት የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ፈተናው ገና ሳይታደል እጁ ይርሳል፤ ትናንት ማታ የሠራው ጥያቄ ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል። ከዚያም የትምህርት ክፍል መምረጫው ሲደርስ የሚጠይቀው «ምን እወዳለሁ?» ብሎ አይደለም፤ «ሒሳብ የሌለበት የቱ ነው?» ብሎ ነው። እንዲህ ሆኖ ወደ ሥነ ጽሑፍ የሚመጣ አለ። እኛም በደስታ እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን ቤታችን ምርጫው ሳትሆን መሸሸጊያው ሆናለች። የሚወዳት መስሎን የሸሸባትን ሰው መቀበል፣ ለእርሱም ለእርሷም ክብር አይደለም።

ይህ ፍርሃት የስንፍና ሌላ ስሙ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ድሬገር እና አይከን የተባሉ ተመራማሪዎች «የቁጥር ጭንቀት» ብለው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ያጠኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሺላ ቶቢያስ፣ ራሷ የሒሳብ ሊቅ ሳትሆን፣ ስለዚሁ ጭንቀት በጻፈችው መጽሐፍ ጉዳዩን ከመማሪያ ክፍል አውጥታ የሕዝብ መነጋገሪያ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አሽክራፍት እና ከርክ የኮሌጅ ተማሪዎች ፊደላትን በቃላቸው እንደ ያዙ ቁጥር እንዲደምሩ ጠየቁ። «አንድ በእጅ» የሚባልበት መደመር ሲመጣ፣ ፍርሃት የበረታባቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተሳሳቱ። ምክንያቱን እንዲህ ብንመስለው ያስኬዳል፦ አእምሮ ለጊዜው የያዘውን የሚዘረጋበት ገበታ ጠባብ ነው። ፍርሃት ቀድሞ መጥቶ ግማሹን ከያዘ፣ ለቁጥሩ የሚተርፈው ዳርቻው ብቻ ነው። ተማሪው ዕውቀት አልጎደለውም፤ ቦታ ነው ያጣው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊዮንስ እና ባይሎክ ያሳተሙት ጥናትም አንድ የሚያስገርም ነገር ጨመረ፤ ከሕመም ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል በፈሪዎቹ ላይ የሚነቃው ሒሳቡ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ጊዜ እንጂ በሚሠራበት ጊዜ አልነበረም።

ጥበቃውን ማን አስፈሪ አደረገው? ክፍሉ መጨናነቁ፣ ትምህርቱ በባዕድ ቋንቋ መሰጠቱ፣ ፈጥኖ እጁን ያወጣ ብቻ መመስገኑ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የእኛ ድርሻ ደግሞ «ሒሳብ የቁጥር ሰዎች፣ ቋንቋ የእኛ» የሚለው የርስት ክፍፍል ነው። ድንበሩ የውሸት ነው። ያ የሚፈራው የአንደኛ ዓመት ኮርስ የሚጀምረው እኮ በቁጥር አይደለም፤ በሎጂክ ነው፤ «እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ» በሚሉ ቃላት ነው። በዚህስ አማርኛ የሚያሳፍር ቋንቋ አይደለም። «ቡና ወይም ሻይ ትፈልጋለህ?» ላለው ሰው «አዎ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ «ቡና ወይስ ሻይ?» ላለው ግን «አዎ» መልስ አይሆንም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። በ«ወይም» እና በ«ወይስ» መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ያስተዋለ ልጅ የሎጂክን ደጅ ረግጧል። ማን ነገረው? ማንም። እርሱም ከፊቱ የቆመው ሒሳብ መሆኑን ሳያውቅ ያልፋል።

ደግሞስ ገጣሚ የማይቆጥር ማነው? የወል ቤት ስንኝ ስድስት ቀለም እና ስድስት ቀለም ብሎ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን የቅኔ ተማሪ አይስትም። በዓላትንና አጽዋማትን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብማ የቃልና የቁጥር ጋብቻ ነው። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ5500 ላይ ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ አበቅቴን ይሰጣል፦ 132፣ ቀሪው 12። ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 መግደፍ መጥቅዕን ይሰጣል፦ 228፣ ቀሪው 18። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን መሆኑ ከዚህ 18 ተነሥቶ ይወጣል።

አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፤ ድምራቸው 30። በየዓመቱም 30 ነው። ይህን በቃሉ የያዘ ብዙ ነው። ለምን 30 ሆነ ብሎ የሚቆም ግን ጥቂት ነው። እስቲ እንቁም። ወንበሩን በ11 አባዝተን፣ ደግሞ በ19 አባዝተን፣ ሁለቱን ብንደምር በ30 እንዳባዛነው ነው፤ 11 እና 19 ሠላሳ ናቸውና። በ30 የተባዛ ነገር ደግሞ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። እንግዲህ የሁለቱ ቀሪዎች ድምር ሙሉ ሠላሳ መሆን አለበት፤ እያንዳንዳቸው ከ30 ያነሱ ስለ ሆኑም ከ30 አይዘልም። ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት እንኳ መጥቅዑ 30 ተብሎ ድምሩ አይፈርስም። ይህን ሲረዳ የሚሰማው ደስታ፣ የቅኔው ወርቅ ሲገለጥ ከሚሰማው ደስታ በምን ይለያል? እኔ ልዩነቱን አላየሁትም። ሁለቱም ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሚቸኩልን ያሳፍራሉ።

«በፍቅር ብቻ ሒሳብ አይሠራም» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የቅኔ ተማሪም ሳይዝ አይፈታም፤ ያለ ልምምድ የሚሆን ዕውቀት የለም። ሥነ ጽሑፍንም የፍርሃት መድኃኒት አድርጌ ልሸጥ አልመጣሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 ራሚሬዝ እና ባይሎክ ከፈተና በፊት ጭንቀትን ለ10 ደቂቃ መጻፍ ውጤት ያሻሽላል ብለው ነበር፤ እንደ እኛ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልተገኘም። ስለዚህ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፦ ተማሪው «ለምን?» ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ይሰጠው፤ መምህሩ ቀመሩን ከመጻፉ በፊት ታሪኩን በቃል ይንገረው፤ ዘገምተኛውም በዝግታው አይፈርበት።

ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ያችን ቀልድ መተው ነው። ቀልዷን የሚሰማት ወጣት ፍርሃቱ ማዕረግ መስሎት ይዞት ይኖራልና። ነገ ጋዜጠኛ ይሆናል፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወረደ ሲባል ኑሮ ረከሰ ብሎ ይጽፋል። 100 ብር የነበረው ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 130፣ በሁለተኛው 156 እንደ ሆነ የሚነግረው ያጣል፤ ቋንቋው ያማረ፣ ነገሩ የተሳሳተ ዜና ለአንባቢ ያደርሳል። ቃልን የምንወድ ከሆነ፣ ቃል በቁጥር ፊት ሲዋሽ ዝም ማለት አይገባንም።

የ2019ን ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ ለአንባቢ ትቻለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አትቸኩሉ፤ ማንም ሰዓት አልያዘባችሁም።